እርጥብ ሣር ያስያዝኩት ሰው

ይኼን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፈዋለሁ። ለእናንተ የምናገረው ልቤ ስለተሰበረ አይደለም፤ ስለማታውቁኝ ነው።

የቴሌቪዥን ድራማና የፊልም ዳይሬክተር ነኝ። ሁሩታ ተወልጄ አሰላ ተማርኩ። አዲስ አበባ ገብቼ ገመድ ስጎትት፣ መብራት ስይዝ፣ ለተዋናይ ውሃ ሳቀብል ከርሜ ነው ዳይሬክተር የተባልኩት። ምን እንዳበረታኝ ሲጠይቁኝ «ለሙያው ያለኝ ፍቅር» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ያበረታኝ ቂም ነው።

አባቴ ታደሰ ሁሩታ ውስጥ የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበር። አንድ ጊዜ እህል ጎደለ ተባለና ጎረቤታችን ጋሽ ቱሉ «ታደሰ ሲያስጭን በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ማለ። አላየም። እህሉን ያወጣው የገዛ ወንድሙ ነበር፤ አገር ይኼን ያወቀው ግን አባቴ ታስሮ ከወጣ በኋላ ነው። አባቴ ከእስር ከተመለሰ ወዲህ ሰው ሰላም ሲለው ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰለው ዞሮ ከኋላው ያይ ነበር። እንደተሸማቀቀ ሞተ። ጋሽ ቱሉ ቀብሩ ላይ አልቆመም። ፊት ለፊት አንቱ ብዬዋለሁ፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ አንተ ነው፣ እዚህም አንተ ብዬ ነው የምጽፈው።

በሙያዬ ስም ሳገኝ ምን አደረግሁ? ድርሰት ጻፍኩ። በሐሰት ምሎ ጎረቤቱን ያሳሰረ ሰው በስተርጅናው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ሲለምን የሚያሳይ። ለዚህ የሚሆን ተዋናይ አዲስ አበባ ሞልቷል። እኔ ግን ሁሩታ ሄጄ የጋሽ ቱሉን በር አንኳኳሁ። ፈገግ ብዬ። «የአገሬውን ሰው ፈልጌ ነው፤ እርስዎ ይሥሩልኝ» አልኩት። ታሪኩን ስነግረው አንገቱን ደፋ። «እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ» አለ። ቴሌቪዥን ላይ መታየት ያጓጓው መሰለኝ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ፣ ሽማግሌ አስቁሞ ሲለምን የተበደለው ዝም ብሎ አይሄድም። ያመመውን ሁሉ ይናገራል፣ ይሳደብም ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ግን ሣሩን ተቀብሎ «ይቅር ብያለሁ» ይላል። ይኼን እያወቅሁ ሽማግሌ ሆነው የሚሠሩ ተዋንያን አልፈለግሁም፤ እውነተኞቹን የመንደሩን ሽማግሌዎች ጠራሁ። ለካሜራ ባለሙያው «እውነት እንዲመስል ነው» አልኩት። የፈለግሁት ግን በሚያውቁት ሰዎች ፊት ሲንበረከክ ማየት ነበር።

ጭላሎ ተራራ ሥር፣ አንድ የገብስ ማሳ ዳር ቀረጻ ጀመርን። ጋሽ ቱሉ ሣሩን ይዞ ተንበረከከ። የጻፍኩለትን በአማርኛ ጀመረና መሐል ላይ አቆመ። ከካሜራው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። በኦሮምኛ፣ የገጸ ባሕሪውን ስም ትቶ የአባቴን ስም ጠራ። «ታደሰን የበደልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን ላድን ብዬ ነው። ልጁ ነሽ፤ በእሱ ቦታ ሆነሽ ይቅር በይኝ» እያለ አለቀሰ።

ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። ካሜራውን ረስተው ሁሉም እኔን ያያሉ። ያኔ ገባኝ። ሰውዬው የመጣው ለዚህ ነው። ድራማውን ያሰናዳሁት ቀጥታ ታረቀኝ ማለት አፍሬ፣ በሰበብ እንድንገናኝ ብዬ መስሎታል።

እኔ ምን አልኩ? «ድምፁ አልገባም። እንደገና» አልኩ።

ድምፁ ጥርት ብሎ ገብቶ ነበር።

አስደገምኩት። እንደገና የአባቴን ስም ጠርቶ አለቀሰ። ደመና ገባ ብዬ አስደገምኩት። ፊትዎን ወደዚህ ብዬ አስደገምኩት። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ከድር ጠጋ ብለው «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውዬው እኮ የምሩን ነው» አሉኝ። «አውቃለሁ፣ ጋሽ ከድር» አልኳቸው። አውቄ አስደገምኩት። እንባው ደረቀ። በመጨረሻ የጻፍኩለትን ቃል ብቻ፣ በአማርኛ፣ እንደ ተማሪ በቃሉ አነበነበው። «ይኼ ነው የሚሆነው» አልኩና ዕቃ ይነሣ አልኩ።

ሣሩን እንደያዘ ተከተለኝ። «ልጄ፣ መልሱስ?» አለኝ።

«ድርሰቱ ላይ መልስ የለም» አልኩት።

ደስ አለኝ። ምን ልደብቃችሁ፣ ደስ አለኝ። ወደ አሰላ ስንመለስ መኪና ውስጥ እያንጎራጎርኩ ነበር። ድራማው ሲታይ ሰው ወደደልኝ፤ ሁሩታ ገበያ ላይ ግን ልጆች ጋሽ ቱሉን «የሐሰት ምስክር» እያሉ ይከተሉት ጀመር። ይኼንንም ሰምቼ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሰው እንደዚህ ሲዋረድ ሰምቶ እራቱን በደንብ የሚበላ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ባለፈው ክረምት ጋሽ ከድር ደወሉልኝ። «ቱሉ አልጋ ላይ ወድቋል። ምላሱ ታስሯል፣ ጆሮው ግን ይሰማል። አንዲት ቃል ነው የሚጠብቀው። ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ፤ በዪለት» አሉኝ። አደረጉለት። ትንፋሹ ይሰማኛል። እየጠበቀ እንደሆነ ትንፋሹ ያስታውቃል።

ዝም አልኩ። ጋሽ ከድር «ሰማህ?» ብለው ሲጠይቁት እየሰማሁ ዝም አልኩ። ከዚያ ስልኩን ዘጋሁት። በዚያው ሳምንት ቀበሩት።

አባቴ ቢሆን ገና ሲንበረከክ ደግፎ ያነሣው ነበር። ይኼን ያን ቀን ማሳው ዳርም አውቄዋለሁ። ታዲያ ለአባቴ ተበቀልኩ ልበላችሁ? ለአባቴ አይደለም፤ ለራሴ ነው የተበቀልኩት፣ በአባቴ ስም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ሲለምነኝ የኖረውን ሰው የነፈግሁትን ከእናንተ በምን ዓይኔ እጠይቃለሁ? ስልኩ ዛሬ ቢደወል ምን እንደምል አላውቅም ብዬ ብነግራችሁ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። አውቃለሁ። ዝም ነው የምለው።