ነጠላ የለበሱ ኮኮች

መገናኛ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ኮክ የምትሸጥ ሴት አለች። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ ቆምኩና አንዱን አንስቼ በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ጣቴ ተጣበቀ። ልጣጩ ላይ ጥርት ያለች የሙጫ ጠብታ ወጥታ ነበር። "ደርሷል እኮ እህቴ፣ ማር ነው!" አለችኝ ሻጯ። ውስጡ ምን እንዳለ ሳልከፍተው አውቄዋለሁ። ሰው ኮክ ሲሸተው ክረምት ይናፍቀዋል፤ እኔ ግን ያቺን ሙጫ ባየሁ ቁጥር እናቴ የታመመችበት ዓመት ይመለስብኛል።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ነው፤ ታክሲው አውርዶህ ዳገቱን ላብ እስኪያጠምቅህ ወጥተህ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሽተት ሲጀምር ደርሰሃል ማለት ነው። ጓሯችን ውስጥ አንድ የኮክ ዛፍ ነበረን። አባቴ ከተማው ሳይደርስበት በፊት እዚያው ገበሬ ነበር፤ በኋላ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ከእርሻው የተረፉት ያቺ ጓሮና ያ ዛፍ ብቻ ስለሆኑ፣ ስለ ዛፉ ማንም እንዲመክረው አይወድም ነበር።

እናቴ ከጥር ጀምሮ ታማ ነበር። ሕመሙ ጉሮሮዋ ላይ ስለነበር እህል አልወርድ አላት፤ አጥሚቱም ሾርባውም ይመለሳል። ሐኪሞቹ ለአባቴ ያሉትን አባቴ አልነገረኝም። ግን ከሆስፒታል በመጣ ቀን ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲቀር አየሁት፤ ያ በቂዬ ነበር። እናቴ የምታነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ኮኩ ይድረስልኝ እንጂ፣ እሱስ ይወርድልኛል" ትላለች። እኔም ያችን ቃል ይዤ ቀረሁ። ኮኩ ከደረሰ ትበላለች፣ ከበላች ትድናለች። ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ግንቦት ሲያልቅ ፍሬው መርገፍ ጀመረ። ጠዋት መሬት ላይ አምስት ስድስት፣ በማግስቱ አሥር። የወደቀውን ስከፍተው ሥጋው ጠቁሮ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሱበታል፤ ሽታው የኮመጠጠ ጠላ ነው።

አባቴ "በረዶ ነው የመታው" አለ። በረዶ ያልደረሰበት፣ ከቅጠል ሥር ያለውም ሲረግፍ "ወፍ ነው" አለ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ይዤ ወፍ ስጠብቅ ዋልኩ። አንዲት ወፍ ዝር አላለችም፤ ፍሬው ግን ወደቀ። "እንግዲያው ማዳበሪያ አንሶት ነው" አለና፣ እንደ ልማዱ የረገፉትን ለቅሞ ግንዱ ሥር ጫር ጫር አድርጎ ቀበራቸው። "ከራሱ የወጣ ለራሱ ይመለስለት" ይል ነበር። አባቱም እንደዚያ ያደርግ ነበር። እሱ መቅበሩን በቀጠለ መጠን የሚረግፈው በየዓመቱ ለምን እንደሚበዛ ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም።

ጎረቤታችንም የራሷን ምርመራ አመጣች። "ዓይን ነው! የመንገደኛ ዓይን በልቶት ነው። የበሬ ቀንድ ስቀሉበት፤ እኔ ደግሞ ከራጉኤል ጠበል አመጣለታለሁ" አለች። እናቴ ጴንጤ ናት። ትራሷን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። "ቀንዱ ይቅርብን። ጠበሉን ግን አምጪው፣ ዛፉ ውሃ ጠምቶታል" አለቻት። ቀልዷስ አልታመመም ነበር። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ የተበላሹ ኮኮች በፌስታል ቋጥሬ ከታች ሰፈር ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፈረንጅ ግቢ አትክልተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። አንዱን ወደ ብርሃን አዙረው ሙጫውን በጥፍራቸው አነሱት። ከሥሩ መርፌ የወጋው የመሰለ ነጥብ ነበር።

"በረዶ ቢሆን ቆዳውን ይተለትለዋል፣ ወፍ ብትሆን ትቦጭቀዋለች" አሉኝ። "ይሄ የዝንብ ሥራ ነው። ወግታ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ ሙጫው የቁስሉ ነው። የረገፈውን ምን ታደርጉታላችሁ?"

"አባዬ ሥሩ ይቀብረዋል፣ አባባ።"

"ምን ያህል ጠለቅ አድርጎ?"

በእጄ አሳየኋቸው፤ ስንዝር አይሞላም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። "ልጄ፣ ይሄማ መቅበር አይደለም፣ መዝራት ነው። ትሉ አፈር ውስጥ ከርሞ ክንፍ አውጥቶ ይመለስባችኋል።"

የወደቀውን በየቀኑ ልቀሙ፣ በፌስታል አጥብቃችሁ ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ያልተወጋውን ጠንካራውን ደግሞ አንድ በአንድ ሸፍኑት አሉኝ። "ለዘንድሮ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የተረፈውን አትርፉ" ብለው ሸኙኝ። ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት።

ለአባቴ ስነግረው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ግንዱ ሥር ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ገለጥ ገለጥ አደረገው። የስንዴ ቅንጣት የሚያካክሉ ቡናማ ነገሮች ከአፈሩ ጋር ተቀላቅለው ወጡ። መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አያቸው። "እኔ ነኛ" አለ። ከዚያ እስኪመሽ አፈሩን እየዛቀ በማዳበሪያ ከረጢት ሞላው።

እኔ ደብተሬን ቀድጄ ፍሬዎቹን በወረቀት ጠቀለልኳቸው። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አርሶ ጣለው። ጠዋት የተበጣጠሰውን ወረቀት ጭቃ ውስጥ ሳይ ጮኼ ማልቀሴን አስታውሳለሁ። እናቴ ሰምታ ጠራችኝ።

"ሣጥኑን ክፈቺ። ነጠላዬን አምጪው።"

"እማዬ፣ የሠርግሽን?"

"አየር ያስገባል፣ ዝንብ አያስገባም። አምጪው አልኩሽ።"

ራሷ ቀደደችው። ሁለት ቀን ሙሉ ትራስ ተደግፋ ትናንሽ ከረጢት ስትሰፋ ዋለች፤ ክር መርፌው ውስጥ የማስገባው እኔ ነበርኩ። ዛፉ ላይ ያልተወጋ ፍሬ የቀረው ሃያ ሦስት ብቻ ነበር። አባቴ መሰላል ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ አለበሳቸውና አፋቸውን በክር አሰረው። ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ ብላ "ጉድ ነው! ጴንጤ ቤት ነጠላ አጣፍቶ የሚያስቀድስ ዛፍ!" አለች። እናቴ በመስኮት እያየች ፈገግ አለች።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። እናቴ በየቀኑ ታንሳለች፤ ኮኩ በየቀኑ ድንጋይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ዛፉ ጋ ሄጄ በጨርቁ ላይ እዳብሳቸዋለሁ። "ድረሱ፣ በናታችሁ ድረሱ" እያልኩ እለምናቸው ነበር። ዛፍ ሰው አይሰማም፤ ይኼን አውቃለሁ። ግን የምለምነው ሌላ አልነበረኝም፤ እግዚአብሔርን ለምኜ ለምኜ ደክሞኝ ነበር።

ሰኔ ውስጥ አንድ ሐሙስ ከሰዓት እናቴ ውሃውንም በእጇ መለሰችው። ፈራሁ። ወጥቼ ትልቁን በጠስኩ፤ ገና አረንጓዴ ነበር። ልጬ፣ በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጬ አፏ ላይ አደረግሁላት። ኮምጥጦ ፊቷን ሲያጨማድዳት አየሁ። ዋጠችው። እንደምንም ዋጠችው።

"ደርሷል" አለችኝ። "ይጣፍጣል። የቀረውን ለአባትሽ ተይለት።"

እየሮጥኩ ወጣሁ። "አባዬ፣ ደርሷል! በላችልኝ!" አልኩት። ግማሹን ተቀብሎኝ ገመጠ። ማኘኩን ቀጥ ሲያደርግ አየሁት። ዓይኔን ዓይኔን አየኝና "አዎ፣ ደርሷል" አለኝ። አመንኳቸው፤ ማመን ስለፈለግሁ። በዚያ ቀን ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው የካ ውስጥ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሞተች።

የቀሩት ሃያ ሁለቱ ሐምሌ ላይ ደረሱ። ዘመድ አዝማድ ተበትኖ፣ ቤቱ ጭር ባለበት ሳምንት ነበር። አባቴ መሰላሉን አቁሞ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ፈታ። ትል የገባበት አንድም አልነበረም። ቀይ ቢጫ ሆነው ሳህን ላይ ተቀመጡ፤ ሽታቸው ቤቱን ሞላው። አንዱንም መብላት አልቻልኩም። ለጎረቤት አደልናቸው።

አባቴ ዛሬም እዚያው ቤት ነው። የወደቀ ፍሬ ሲያይ እባብ እንዳየ ሰው ይነሳበታል፤ ወዲያው ወደ ፌስታል። የእናቴን ከረጢቶች በየዓመቱ አጥቦ ፍሬዎቹን ያለብሳቸው ነበር፤ ፀሐይና ዝናብ እየበላቸው አልቀው ዘንድሮ አንዲት ብቻ ቀረች። ባለፈው ሳምንት ከሻጯ ምንም ሳልገዛ አለፍኩና፣ ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ገዝቼ እቤቴ ሰፋሁት። እሑድ ይዤለት ወጣሁ።

አዲሶቹን አብረን አሰርናቸው። የእሷን ግን መሰላል ሳያስፈልገው እጁ በሚደርስበት ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ራሱ አሰራት። ክሩን አጥብቆ ሲጨርስ ፍሬውን በጨርቁ ላይ ቀስ ብሎ ጨበጥ አደረገው። ደርሶ ይሆን ብዬ ጠየቅሁት።

"ገና ነው" አለኝ። "አሁን የሚያጣድፈን የለም።"