የፍልሰታ እንጆሪ

እንጆሪ ቀይ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ጂንካ ተመድቤ ማስተማር እስክጀምር ድረስ እንጆሪን የማውቀው በከረሜላ መጠቅለያ ላይ ብቻ ነበር፤ መጠቅለያው ላይ ደግሞ ቀይ ነው። በደርግ ዘመን አንድ ክረምት ጉድ የሠራችኝ ይህችው እውቀቴ ናት።

ያን ክረምት ትምህርት ቤት ቢዘጋም ከጂንካ መውጫ አልነበረም። ወይጦ ላይ ወንዙ ሞልቶ መኪና አያሳልፍም። የአውሮፕላን ማረፊያው ሣርም ረግረግ ሆኖ ከብት ብቻ ይግጥበታል። እናቴ አብራኝ ነበረች። አባቴ ፋሲካን ተከትሎ ሲሞት ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ከሸዋ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አብራኝ ተቀመጠች እንጂ አልበላችም። ሁለቴ ቆርሳ "በቃኝ" ትላለች። ቀሚሷ በየሳምንቱ እየሰፋባት ሄደ። ፍልሰታ ሲገባማ ጾሙ ጥሩ ምክንያት ሆነላት፤ ዘጠኝ ሰዓትም ሲሆን ውሃ ጠጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እሷም ልትከተለው ነው ብዬ ፈራሁ።

ፍርሃቴን ለጎረቤቴ ነገርኳት። የአሪ ሴት ናት፤ አማርኛን ያወቀችው ገበያ ላይ ነው።

"አፍ የሚከፍት ነገር አለ" አለችኝ። "ጫካ ዳር አለ። ነገ እንሄዳለን።"

እኔ ደግሞ ሳልጠይቅ ማደር አልችልም። ምንድን ነው? ማን ተከለው? ዛፍ ነው ቁጥቋጦ?

"አንቺ አስተማሪ፣ ጥያቄ አበዛሽ። ሄደሽ እይ።"

በማግስቱ ጠዋት ጭቃውን እየተንሸራተትን ከከተማው በላይ ወጣን። ከአጥር የሚበልጥ እሾሃም ቁጥቋጦ አሳየችኝ። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይና ጥቁር ፍሬ አንድ ላይ ተንጠልጥሏል። እንዴት አንድ እናት ሦስት ዓይነት ልጅ ትወልዳለች ብዬ ጎንበስ ብዬ መረመርኩት። ጥቁሩ የተበላሸ መሰለኝ።

"እሱ ነው የደረሰ" ብላ ሳቀችብኝ። "ስትነኪው እሺ ካለ፣ ያንቺ ነው። እንቢ ካለ፣ ተይው።"

ሞከርኩት። ጥቁሩ ገና ጣቴ ሲነካው መዳፌ ላይ ወደቀ። ቀዩ ግን ግንዱን ሙጭጭ አለ። ትግሉ ደስ አለኝ መሰለኝ፣ ወይም የከረሜላው መጠቅለያ አልለቀቀኝም፣ ብቻ እሷ በወዲያ በኩል ስትለቅም እኔ ቀይ ቀዩን እየጎተትኩ ቅርጫቴን ሞላሁ። እጄ በእሾህ ተቧጠጠ። እሷ አንዱን ወደ አፏ፣ አንዱን ወደ ኮባ ቅጠሏ ስትል ከንፈሯ ወይን ጠጅ ሆነ።

"ቅመሺ እንጂ!"

"ጾም ነኝ።"

"ይኼ ሥጋ ነው?"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀመስም አልኳት። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ የእኛን አጿጿም ስትሰማ ከልቧ አዘነችልኝ።

ቤት ስንደርስ ማርማላታ እሠራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ጎረቤቴ እንጆሪ እሳት ላይ ሲጣድ አይታ ስለማታውቅ ለማየት ቁጭ አለች። ከቀበሌ ያገኘሁትን ስኳር ግማሹን ብረት ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት። ድስቱ ተንተከተከ፣ ቤቱ በመዓዛው ታወደ። እናቴ አልዞረችም።

ቅምሻ ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። በቤታችን በጾም ቀን ወጥ ቀማሹ አባቴ ነበር። ጨጓራ ስለነበረበት የንስሐ አባቱ ጠዋት እንዲበላ ፈቅደውለታል። እናቴ ማማሰያውን ይዛ ከጓዳ ትወጣና "እስቲ ይቅመሱልኝ" ትለዋለች። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ዳኛ ያስባል፤ ሁሌም አንድ ነገር ይቀረዋል ይላታል፣ ሁሌም ትቆጣዋለች። እኛ ልጆቹ ከዚያ ጭቅጭቅ በፊት ምሳ አንጠብቅም።

ስለዚህ ማንኪያውን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ቀመሰች። ግራ ዓይኗ ብቻ ትንሽ ተጨማደደ።

"ጥሩ ነው፣ አስተማሪ።"

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዳቦ ላይ ቀብቼ ለእናቴ አቀረብኩ። ስለ እኔ ብላ ጎረሰች። ፊቷ ተኮማተረ፣ ትከሻዋ ዘለለ፣ እንባዋ መጣ። እኔም ቀመስኩት፤ ኮምጣጤ ይሻላል።

"ማነው ይህን የቀመሰው?" አለች እናቴ።

ጎረቤቴ አንገቷን ደፋች። "እኔ ነኝ፣ እማማ። አስተማሪ ናት፣ እንዴት መጥፎ ነው እላታለሁ?"

እናቴ ሳቀች። ከፋሲካ ወዲህ ያን ድምፅ አልሰማሁም ነበርና ደነገጥኩ። ጎረቤቴ ሳቁን አይታ የኮባ ቅጠሏን ፈታች፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ እንጆሪ። እናቴ አንድ አነሣች፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠሬን ተውኩ። "ይኼ እያለ ያንን ለቀምሽ?" አለችኝ። ስለ ከረሜላው መጠቅለያ ልነግራት አፈርኩ።

በማግስቱ ሁለቱ እኔን ትተው ለቀማ ሄዱ። እኔ ከገበያ ስመለስ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ቆማለች፤ ገና አምስት ሰዓት ነው። ድስቱን አማሰለች፣ ማማሰያውን አወጣች፣ ከሥሩ መዳፏን አድርጋ ዞረች። ለአንድ አፍታ፣ አባቴ የተቀመጠበት ይመስል፣ ጥግ ወዳለው ባዶ ወንበር የዞረች መሰለኝ። ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ጎንበስ አለች።

"እስቲ ቅመሺልኝ" አለቻት። "እውነቱን ግን።"

ጎረቤቴ ዓይኗን ጨፍና ብዙ አሰበች።

"ስኳር ይቀረዋል" አለች።

እናቴ ተቆጣቻት። እኔ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።