ለሚታረድ በሬ ውኃ

ሁለት ወር ሙሉ አዳማ ውስጥ ሥጋ የቀመሰ ክርስቲያን አልነበረም፤ ማንም ማንንም «ምን ነካህ?» ብሎ አልጠየቀም። ሁዳዴ ነዋ! ነገሪ ደበሌ ግን በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት ፋሲካ ዕለት፣ ቅርጫው ፊት ቆሞ «እኔ አልበላም» ቢል አገር ተናወጠ። ቄስ ተው ያለውን መተው ጽድቅ ነው፤ የገዛ ሆድህ ተው ያለህን መተው ግን እብደት ነው። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል!

ነገሪ የመርቲ ልጅ ነው። ከአቦምሳ በታች ካለ ቀዬ ተነሥቶ፣ አዋሽን እያሻገረ ከብት ወደ አዳማ መንዳት የጀመረው ጢሙ ሳያቀመቅም ነበር። ባቡሩ መጥቶ ጣቢያው ከቆመ ወዲህ እዚያው ከሐዲዱ ማዶ ጎጆ ቀለሰ፤ እልፍነሽን አገባ፣ ዘርፉን ወለደ። እንጀራውም ከአርሲ የሚመጣውን ሰንጋ ተቀብሎ ፉርጎ ላይ ማሳፈር ሆነ። መልአክ ነበር እንዳትሉኝ። አልገባም ያለውን በሬ ጅራቱን ጠምዝዞ፣ ጎኑን በሽመል ወግቶ ያስገባ ነበር። ቁርጥም ሲቀርብ የሚቀድመው አልነበረም፤ ሥጋውን በጥርሱ ነክሶ ቢላዋውን ከአፍንጫው ሥር ሽቅብ ሲሰደው ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በዚያው ሁዳዴ ነው። አንድ ነጋዴ ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ የሚልከውን ሰንጋ እንዲያደርስለት ነገሪን ከፉርጎው ጋር ላከው። ባቡሩ ሞጆ ላይ ተበላሽቶ ቀኑን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ቆመ። ነገሪ ወርዶ ለከብቶቹ ውኃ ለመነ። «ውኃው ለባቡሩ ነው» ተባለ። ደግሞ ለመነ፣ ደግሞ ያንኑ ተባለ። ተመልሶ ክንዱን በፉርጎው ሳንቃ ላይ ጥሎ ቢቆም፣ አንድ ቀይ በሬ ምላሱን በሳንቃው መካከል አሹልኮ የክንዱን ላብ ይልስ ጀመር። ምላሱ ደርቆ እንደ ሞረድ ይሻክራል። ነገሪ ክንዱን ሳያነሣ ቆመለት። አዲስ አበባ ደርሰው ፉርጎው ሲከፈት ቀዩ በሬ ሌሎቹ ረጋግጠውት ሞቷል፤ እዚያ የተረከባቸው ነጋዴ አስጎትቶ አስጣለውና የቀሩትን ነድቶ ሄደ። ነገሪም ተመልሶ አዳማ ገባ፤ ስለዚያ ቀን እስከ ፋሲካ ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

የፋሲካው ቅርጫ የሚታረደው እንደ ወትሮው ሁንዴ ግቢ ነበር። ሁንዴ የነገሪ አብሮ አደግ ነው፤ ከመርቲ ተያይዘው የመጡ፣ አንዱ ያለ አንዱ ውሎ የማያውቅ። የጓደኞቹን በሬ ሁሉ የሚያርደውም እሱ ነው። በሬው ከስቅለት ጀምሮ ሳር ሳይቀምስ፣ ውኃ ሳይጎነጭ ግንድ ላይ ታስሮ ከርሟል፤ ጨጓራው ባዶ ሲሆን ለማጽዳት ይቀላል ነው ነገሩ። ሲነጋ ሁንዴ ከኋላ ተጠግቶ በአንድ ምት ቋንጃውን በጠሰው። ገመድ የሚይዝ እጅ ሲያንስ በሬ እንዲህ ነው የሚጣለው፤ ነገሪም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው የኖረ ነው። ያን ዕለት ግን በሬው በኋላ እግሮቹ ቁጭ ብሎ ምላሱን ሲያወጣ አየ፤ ምላሱም ደረቅ ነበር። መደቡ ተመድቦ፣ ዕጣው ወጥቶ፣ ጥሬ ጉበቱ ሲዞር ነገሪ እጁን ሰበሰበ።

«ማል ታቴ፣ ነገሪ? ምን ሆነሃል?» አለ ሁንዴ።

«አልበላም። ውኃ እንኳ ከልክለነው…» ብሎ ጀመረ ነገሪ።

«ውኃ? ጠላውን አምጡለት! ውኃ ጠምቶታል መሰለኝ!» አለ ሁንዴ፤ ሁሉም ሳቁ።

ከዚያች ሰዓት ወዲህ የነገሪ ኑሮ ጭቅጭቅ ሆነ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ረቡዕና ዓርብ እያለ በጾም ያመካኝ ነበር፤ በበዓለ ሃምሳ ግን ጾም የለም። የትም ቢሄድ ሥጋ፣ የትም ቢቀመጥ ጉርሻ። ስለ ቀዩ በሬም ቢነግራቸው ቀልድ አደረጉት።

«የምትተኛበት ጠፍር ታዲያ የማን ቆዳ ነው? ከዛሬ ጀምሮ መሬት ተኛ እንጂ!» ይለዋል አንዱ።

«ፉርጎ ላይ እየገፋ የሚያሳፍራቸውስ ማነው?» ይላል ሌላው።

ይህች የመጨረሻዋ አንጀቱን ታሳርረው ነበር፤ እውነት ናትና። ከብት ሳያጠጣ አላሳፍርም አለ። ነጋዴዎቹ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው ብለው ጮኹበት፤ አንዳንዶቹም ፊታቸውን ወደ ሌላ አሳፋሪ አዞሩ። ለጓደኞቹም እጁን እያወናጨፈ ማስረዳቱን አልተወም፤ «እኔ አትረዱ አላልኩም! ብሉ! ውኃ ስጡት፣ ቋንጃውን አትበጥሱት፣ ያልኩት ይህችን ብቻ ነው!» ብሎ ሲጨርስ ያዘኑለት ይመስላሉ። ቀጥሎ ደግሞ አንዱ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጨጓራህን ያምሃል እንዴ? ኮሶ ብትጠጣስ?» ይለዋል። ግድግዳ ጋር ቢነጋገር ይሻለው ነበር።

አንድ ቀን ብሶቱን ይዞ አብዱናሲር ዘንድ ሄደ። አብዱናሲር ከወሎ የመጣ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ፣ ሰው ሲያወራ አቋርጦ የማያውቅ ደግ ሰው ነው። ከሱቁ ጀርባ ግቢው ውስጥ አስቀምጦ ከሥር እስከ ጫፉ አዳመጠው።

«ወላሂ ልክ ነህ» አለ በመጨረሻ። «እኛ ዘንድማ ሕጉ አለ። እንስሳው እያየህ ቢላዋ አትሳል፣ አንዱ እያየ ሌላውን አትረድ፣ አታሠቃይ ይላል። ሰዉ ነው እንጂ የሚቸኩለው።»

ነገሪ ደስታው ወሰን አጣ። በመጨረሻ የሚገባው ሰው ተገኘ! የአብዱናሲርን እጅ ይዞ ሊስም ምንም አልቀረው።

«እንግዲያው» አለ አብዱናሲር ፊቱ በርቶ፣ «ዓርብ ወጠጤ አርዳለሁ። ና ከእኛ ጋር ብላ። ልብህ ወደ እኛ ካደላ ማን ይከለክልሃል? ማሻ አላህ!»

«የእናንተንም አልበላም እኮ!» አለ ነገሪ በቁጣ።

የአብዱናሲር ፊት ጠቆረ። «የእኛን ደግሞ ምን አገኘህበት?» ሲል ድምፁ ውስጥ ቅያሜ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፤ ነገሪ የመጣው ሊጽናና ነበር። ይባስ ብሎ ከዚያ ግቢ ሲወጣ ሰው አየው።

በእኛ አገር ሰው ሃይማኖቱ የሚታወቀው በሚበላው ሥጋ ነው። በስመ አብ ወወልድ የተባለበትን የበላ ክርስቲያን፣ በቢስሚላህ የታረደውን የበላ እስላም፤ ከሁለቱም አልበላም ላለ ሰው የተዘጋጀ ስም የለም። ስለዚህ ያለውን ስም ሰጡት፤ የእኛን ሥጋ ተወ፣ ከአብዱናሲር ግቢ ሲወጣ ታየ፣ ስለዚህ ነገሪ ሰለመ። ወሬው ክንፍ አውጥቶ ሞጆ ደረሰ። ወሬው እውነት እንዳይመስል አብዱናሲር ራሱ በየሄደበት «ኧረ የእኛንም እምቢ ብሏል» እያለ ሊያስተባብል ሞከረ፤ ማን ሰምቶት!

ወሬው ወሬ ሆኖ ቢቀር ነገሪ በቻለው። ግን ዘርፉ ለተክለሃይማኖት ልጅ ታጭታ ነበር። ተክለሃይማኖት የጣቢያው መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ከነገሪ ጋር ለዓመታት አንድ ቅርጫ የበላ፣ ልጆቻችንን እናጋባ ብሎ ራሱ የጠየቀ ወዳጅ። ሠርጉ ለግንቦት ተቆርጧል፣ ጌሾው ተወቅጧል። ከዕለታት አንድ ቀን ሽማግሌዎችና የነፍስ አባታቸውን አስከትሎ መጣ። ተቀመጠና ነገሪን «እርስዎ» አለው። አንድ ሞሰብ ከበው ሲጎራረሱ የኖሩ ሰዎች! ነገሪን ከስድብ ሁሉ ይልቅ ያቺ አንቱታ ወጋችው።

«አቶ ነገሪ፣ ሃይማኖቱ ካልታወቀ ሰው ልጅ አልወስድም። እርስዎ በአባ ፊት፣ በሰው ፊት፣ እኔ ከማሳርደው አንድ ቁራጭ ይብሉልኝ። አለዚያ ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።»

«ክርስቲያን ነኝ! ማተቤ ይኸው!» ነገሪ የአንገቱን ክር ሊበጥሰው ደረሰ። «በሬው ተጠማ ነው ያልኩት! በቃ!»

አባም እንደ መሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ በሬ ነፍስ የለውም፤ ያንተ ነፍስ ነው ያሳሰበችን» አሉት።

ሲሄዱ እልፍነሽ ጀመረች። «ልጄን ቆማ ልታስቀራት ነው? ለበሬ እንዲህ የራራህ ሰው ለወለድካት አትራራም?» እያለች ደረቷን ደቃች። ዘርፉ ግን አልጮኸችም፤ እግሩ ሥር ተንበርክካ ጉልበቱን ያዘች። «አባባ፣ ለእኔ ሲሉ አንድ ጉርሻ ብቻ» አለችው። ነገሪ ልጁን ይወዳታል። ከበሬ ሁሉ አስበልጦ፣ ከራሱም አስበልጦ ይወዳታል፤ ይህን ለማስረዳት መገደዱ ራሱ አናደደው።

በማግሥቱ ሁንዴን ፈልጎ አገኘው። ሁንዴ እንዳየው አቅፎ ሳመው፤ ቅር ያለው ነገር አልነበረም።

«ሁንዴ፣ እበላለሁ» አለው ነገሪ። «ለልጄ ስል እበላለሁ። ግን አንድ ነገር ማልልኝ። ተክለሃይማኖት የሚያሳርደውን የምታርደው አንተ ነህ። ውኃ እስኪበቃው ይጠጣ። ቋንጃውን እንዳትነካ። እኔ ረፋዱ ላይ መጥቼ ገመድ እይዝልሃለሁ፣ እጅ አያንስህም። ይህን ካደረግህልኝ ከልቤ እበላለሁ።»

«ይህችን ብቻ? በጊዮርጊስ!» አለ ሁንዴ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «አንተ ብቻ ተመለስልኝ።»

ነገሪ ከፋሲካ ወዲህ ሆዱን ሞልቶ የተኛው ያን ዕለት ነው። አንድ በሬ፣ አንድ ብቻ፣ ጠጥቶ ይሞታል። ይህንንም አገኘሁ ብሎ ተደሰተ። የሰው ልጅ ሲሰለቸው በምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚረካ እዩልኝ።

በቀጠሮው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እንስራ ውኃ አሸክሞ፣ ገመድ በትከሻው አንጠልጥሎ ተክለሃይማኖት ግቢ ደረሰ። በሬው ግን ታርዶ፣ ተገፎ፣ ሥጋው ቅጠል ላይ ተዘርግቷል። ሁንዴ እጁን እየታጠበ ሳቀ፤ «ማልደን ጨረስነው፣ እንግዳው ስለበዛ ነው» አለ። ነገሪ አፉን ሊከፍት ሲል አባ ጸሎት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ዘርፉ ከሴቶቹ መካከል ሆና ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። ምሎልኛል፣ አለ በልቡ፤ ሁንዴ በጊዮርጊስ በሐሰት ምሎ አያውቅም አይባልም፣ እኔን ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።

ቁራጩን ተቀበለ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። እልልታው ጣቢያው ድረስ ተሰማ። ተክለሃይማኖት «አንተ ጉድ!» ብሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ እርስዎ ቀረ፣ አንተ ተመለሰ። እልፍነሽ አለቀሰች። አብዱናሲር እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «እንኳን ደስ ያለህ» አለው። የሠርጉ ቀን እንደ ተቆረጠው ጸና።

ሰዉ ሊበተን ሲል ሁንዴ አንድ የኋላ እግር፣ ሳይቆራረጥ እንዳለ፣ ታቅፎ መጣ። «ለሙሽራዋ አባት!» ብሎ አስታቀፈው። ነገሪ ዝቅ ብሎ አየ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቋንጃው ተበጥሷል፤ ዙሪያው ደም ቋጥሮ ጠቁሯል። ሞቶ የተቆረጠ እንዲያ ደም አይቋጥርም።

«ሁንዴ» አለ። «ይህ ምንድነው?»

ሁንዴ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ እንደ ሚስጥር፣ «አንተ እንዳታይ ብዬ እኮ ነው በማለዳ የጨረስኩት። አንጀትህ ስስ መሆኑን አውቃለሁ። አንተ እያየህ ቢሆንማ እንዴት ያስችለኛል?» አለው። ከልቡ ነበር የሚናገረው።

«ውኃስ? ውኃውንስ ሰጠኸው?»

ሁንዴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ የጓደኛውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አይ ነገሪ! ሊታረድ ለነጋበት በሬ ውኃ ምን ያደርግለታል?»

ተክለሃይማኖትም ሰምቶ ሳቀ፤ የሰሙት ሁሉ ሳቁ፤ ክፋት የሌለበት፣ የተመለሰ ወንድማቸውን ያገኙ ሰዎች ሳቅ ነበር። ነገሪ እግሩን እንደታቀፈ በመካከላቸው ቆመ። እስከ አጥሩ በር ድረስ ተግተልትለው ሸኙት፤ አንዱ ሸክሙን ላግዝህ ይለዋል፣ አንዱ ይመርቀዋል፣ ሁንዴም ጋቢውን ከትከሻው ላይ እያስተካከለለት አብሮት ይሄዳል። በዚያች ሰዓት እንዲያ ባይወዱት ይቀለው ነበር።