በጠርሙሱ ላይ የጻፍኩት ሰም

ያን ሰውዬ ዛሬም አልወደውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች ስለ እሱ የምጽፈውን አንባቢ በጥርጣሬ እንዲያነብልኝ ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ ነገርን ከነምክንያቱ ካላስቀመጥኩ አይሆንልኝም። እሱም እኔን የሚጠላበት ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከእኔ ምክንያት ይሻል ነበር።

ካርቱም ነው፣ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት። ጠዋት የኛ ሰዎች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሀፍላ የሚሉትን እግር የማያስዘረጋ አውቶቡስ ተሳፍሬ አርካዊት ወደሚባለው ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ አንዲት ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ መምህርት የቪላቸውን ምድር ቤት ላቦራቶሪ አድርገው ለጀማሪዎች ከፍተውታል። ሁላችንም «ዶክቶራ» እንላቸዋለን። ከእርሾ፣ ከእንጉዳይ ወይም ከባክቴሪያ የሚሸጥ ነገር ለመሥራት የሚሞክር ጀማሪ ብቻውን መሣሪያ መግዛት አይችልም። ስለዚህ አራት ቡድኖች በአራት ጠረጴዛ ተቀምጠን አንድ ፍሪጅ፣ አንድ አውቶክሌቭና ንጹሕ አየር የሚነፍስበት አንድ የመስታወት ሳጥን እንጋራለን። አውቶክሌቭ ማለት በእንፋሎት ግፊት ሕይወት ያለውን ሁሉ የሚገድል ትልቅ ድስት ነው። ለተማሪዎቼ ሳስረዳ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ኩሽና የሚያበስልበት ግቢ አስቡ እላቸው ነበር። እንዲህ ባለ ግቢ ያደገ ልጅ ቀሪውን ሳልነግረው ይገባዋል።

ባልደረባዬ ካርቱም የተወለደች የኛው ልጅ ናት። የላቦራቶሪ ሙያ ያጠናች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ንግግሯ አጭር። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ ፊደሉን አታነብም። እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ ሶባ፣ ካለ አንድ የሎሚ ዛፍ ፍሬ ልጣጭ ላይ ሻጋታን የሚያሸንፍ እርሾ ያገኘችው እሷ ናት። እኔ ደግሞ እርሾውን ከንብ ሰም ጋር አዋሕዶ ብርቱካን መቀባት የሚለውን ሐሳብ አመጣሁ። የተቀባ ብርቱካን ያለ ፍሪጅ ሳይሻግት ይቆያል፤ መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እሷ ለዚህ ብላ የሆስፒታል ሥራዋን ለቃለች። እኔ ምንም አልለቀቅኩም። ይህም መጻፍ አለበት።

ሰውዬው ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ የእንጉዳይ ዘር ያራባ ነበር። ማሽላ ቀቅሎ በከረጢት ይሞላና የእንጉዳይ ክር ይዘራበታል። የዚህ ሥራ ጠላት አንድ ነው፤ አረንጓዴ ሻጋታ። አንድ ብናኝ ከገባ ከረጢቱ በሙሉ ይጣላል። እኛ ደግሞ፣ እርሾው የሚያሸንፈው ጠላት ስለሚያስፈልገው፣ አረንጓዴ ሻጋታ ሆን ብለን ክዳን ባላቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ሳህኖች እናራባለን። አሁን ሳስበው፣ ጥጥ ነጋዴና ክብሪት ሠሪ ጎን ለጎን እንደማስቀመጥ ነው። ያኔ ግን የማየው የሱን ክፉ ፊት ብቻ ነበር።

«ያ ኡስታዝ፣» ይለኛል፤ አስተማሪ ማለቱ ነው፣ በሱ አፍ ግን ስድብ ይመስላል። «ዛሬም ሁለት ከረጢት ጣልኩ። እናንተ አገር ሻጋታ አልቆ ነው እዚህ መጥታችሁ የምታመርቱት?»

«ሳህኖቻችን የታሸጉ ናቸው» እለዋለሁ። ከዚያም እንዴት እንደሚታሸጉ፣ ብናኝ በምን ያህል ቀዳዳ እንደሚያልፍ አስረዳዋለሁ። እሱ ጀርባውን ይሰጠኛል፤ እኔ ለጀርባው አስረዳለሁ።

እኔም አልተኛሁለትም። የሚጠጣውን ውሃ የናሙና ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ ይህ ክልክል ነው። ሁለቴ ለዶክቶራ ተናግሬበታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እሱ እየሰማ ነበር የተናገርኩት።

ዶክቶራ አንድ ቀን ሰበሰቡንና፣ የቤቱን ወጪ ስላልቻሉ ከአራቱ አንድ ጠረጴዛ እንደሚቀነስ ነገሩን። ሦስት ዳኞች እሑድ መጥተው የእያንዳንዳችንን ሥራ ያያሉ፤ የወደቀው ቡድን ይወጣል። ባልደረባዬ ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች። ወደ ሆስፒታሉ እንደማይመልሷት አውቃለሁ፤ ቦታዋ ተይዟል።

ዝግጅታችን ጥሩ ነበር። ሠላሳ የተቀባና ሠላሳ ያልተቀባ ብርቱካን መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያልተቀቡት አረንጓዴ ጺም አብቅለዋል፤ የተቀቡት ያበራሉ። ሌላው ሁሉ የሚራባበት እናት እርሾ በሳህን፣ በዳኞቹ ፊት የምንቀባው የሰም ቅልቅል ደግሞ በጠርሙስ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ በአንድ ቅርጫት አለ። የሻጋታ ሳህኖቹም እዚያው ነበሩ። ይህ የኔ አደራደር ነው፤ የአንድ ሥራ ዕቃ በአንድ ቅርጫት መሆን አለበት ብዬ።

የላቦራቶሪው ደንብ ዕቃ ሁሉ በዓረብኛ ይጻፍበት ይላል። የዓረብኛ ፊደል ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ ራሴን አስተምሬ ስለነበር በዚህ እኮራለሁ። ለተማሪዎቼም አንድ ትምህርት ነበረኝ፤ ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው የሚል። ቤት ቤት ነው፣ ዘይት ዘይት ነው፣ ራስ ራስ ነው እያልኩ ሰሌዳ እሞላ ነበር። ሰሙን የገዛሁት ከመተማ ከሚመጣ የኛ ነጋዴ ስለነበር በዓረብኛ ምን እንደሚባል የምጠይቅበት አጋጣሚ አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት ጠርሙሱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩና በሚያምር ጽሕፈት ሁለት ፊደል ጻፍኩ፤ ሲን፣ ሚም። ሰም። ከበላዩ የቡድናችንን ቁጥር፣ ከበታቹ ቀኑን። ፍሪጁንም በኩራት ዘጋሁ።

ሐሙስ ስገባ ቅርጫታችን አውቶክሌቩ አጠገብ መሬት ላይ ነበር። እንፋሎት ይወጣዋል። ሳህኖቹ ቀልጠው ተጣብቀዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ሰሙ ከውሃው ተለይቶ ከላይ ቢጫ ክዳን ሆኗል። ሰውዬው እጁን አጣምሮ ቆሟል። ባልደረባዬ ጓንቷን ሳታወልቅ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«ማን ነው የቀቀለው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«በምን ሥልጣን?»

«ከምጠጣው ውሃ አጠገብ ሲም አስቀምጠህ ሥልጣኔን ትጠይቀኛለህ? የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ፣ የአስተማሪ ነው ወይስ የገዳይ? ወላሂ ዶክቶራ ባይኖሩ ቂስም፣ ፖሊስ ጣቢያ ነበር የምወስድህ፤ ለፖሊሶቹ ታስረዳቸው ነበር።»

ሲም የሚለውን ቃል አላወቅሁትም። ቁጣዬ ግን ማወቅ አላስፈለገውም። ምቀኛ አልኩት፣ ሌባ አልኩት፣ እሑድን ፈርተህ ነው አልኩት። ዶክቶራ በጩኸቱ ከፎቅ ወረዱ። ጠርሙሱን በፎጣ ይዘው አነሱና ፕላስተሩን ወደኔ አዞሩት።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንብበው።»

«ሰም» አልኩ። «ንብ የምትሠራው። ሻማ የሚሠራበት።»

ዶክቶራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እሱ ሸምዕ ነው፣ ልጄ። ይህ ሲም ነው። መርዝ።»

አሁን ላስረዳ። በኛ ፊደል ሰም፣ ስምና ሲም ሦስት ልዩ ልዩ ጽሑፎች ናቸው፤ ድምፁ ፊደሉ ውስጥ አለ። በነሱ አጻጻፍ ግን ሲንና ሚም ብቻ ይቀመጡና አንባቢው የሚያውቀውን ቃል ያነብባቸዋል። ሱዳን ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ደግሞ እነዚህን ሁለት ፊደሎች ያውቃቸዋል፤ የአይጥ መድኃኒት ፓኬት ላይ አሉ።

ወደ ባልደረባዬ ዞርኩ። «አንቺ አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«እንዳይነኩብን አውቀህ የጻፍከው መስሎኝ ነበር» አለች በአማርኛ፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጎበዝ ነው ብዬ ነበር።»

ሰውዬው አማርኛ አይሰማም፤ ከፊታችን ግን አነበበው። ሳቀ። እኔም የቀረኝን አንድ ነገር ያዝኩ። «መርዝ ከሆነ ለምን ቀቀልከው? መርዝ በእንፋሎት አይሞትም። ይህን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል!»

«ሲሙ አይሞትም» አለ ተረጋግቶ። «አጠገቡ ያለው ሻጋታ ግን ሞተ፣ አልሓምዱሊላህ።»

ዶክቶራ ሁለታችንንም ተቆጡ። ሳይጠይቅ የሰው ዕቃ አውቶክሌቭ የከተተ ጥፋተኛ ነው፤ የማያውቀውን ቃል የጻፈም ጥፋተኛ ነው። የዳኞቹ ቀን ግን አይቀየርም አሉና ወጡ። ሰውዬው ይቅርታ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ችግሩ ጠርሙሱ አልነበረም፤ ሰም እንደገና ይቀልጣል። የሞተው እናት እርሾው ነው፤ ሌላ ቅጂ አልነበረንም። ያ የሎሚ ዛፍ ደግሞ ለግንባታ ተቆርጧል። ባልደረባዬ ግን መደርደሪያውን ታይ ነበር።

«የተቀቡት ላይ አለ» አለች። «ልጣጩ ላይ በሕይወት አለ። ካጠብናቸው እናገኘዋለን።»

ልክ ነበረች። ብርቱካኖቹን በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ውሃውን ሳህን ላይ ዘርቶ፣ ሦስት ቀን መጠበቅ ነው። ሐሙስ ከተዘራ እሑድ ይታያል። ይህ ግን በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ መሠራት አለበት፤ ሳጥኑ እስከ ቅዳሜ የተያዘው በእንጉዳይ ሰውዬ ነበር።

ጠየቅሁት። ሕይወቴ ውስጥ እንደዚያ የመረረኝ ዓረብኛ የለም።

«እስከ ማታው መግሪብ ሶላት ውሰዱት» አለ። «ግን የሻገቱት ሠላሳዎቹ አሁን ከዚህ ቤት ይወጣሉ። ሁሉም። በዓይኔ ሳይ።»

ያልተቀቡት ብርቱካኖች ማስረጃችን ነበሩ። የሚወዳደሩት ከሌሉ የተቀቡት ዝም ብለው ብርቱካን ናቸው። ይህንኑ ልገልጽለት አፌን ከፈትኩ፤ ያለ ማነጻጸሪያ ሙከራ ሙከራ አይባልም፣ ሳይንስ ማለት...

«ኡስታዝ፣» አለች ባልደረባዬ ከኋላዬ። «አታስረዳ። ተሸከም።»

ተሸከምኩ። በካርቶን አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ግቢውን አቋርጬ መንገዱ ማዶ ወዳለው የቆሻሻ ገንዳ ወሰድኳቸው። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ አፉንና አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ ቆጠራቸው። ስመለስ እሷ ሳጥኑ ፊት ተቀምጣ ስድስተኛውን ብርቱካን ታጥብ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሳህኖቹ ላይ ወተት የመሰሉ ነጠብጣቦች ወጥተው ነበር። በማጉያ መነጽር አየችና «እሱ ነው» አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዳኞቹ መጡ። እኔ ብዙ አስረዳሁ። አንደኛው ዳኛ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፤ እስክጨርስ ጠበቁኝና «ያልተቀባው የታለ?» አሉ። ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አሳየሁ። «ፎቶ አይሻግትም፣ ልጄ» አሉኝና ወደ እንጉዳዩ ጠረጴዛ አለፉ። እዚያ ሦስት ነጫጭ ከረጢቶች ቆመዋል፤ አንዳች አረንጓዴ የለባቸውም። ልክ መሆን እንደሚገባቸው ሆነው ነበር።

የወጣነው እኛ ነን። ባልደረባዬ ሳህኖቹን በፎጣ ጠቅልላ ቤቷ ወሰደች፤ እናቷ ከፍሪጁ አንድ መደርደሪያ ለቀቁላት። ጠረጴዛው ይቀነሳል ተብሎ አልነበር? ሳንወጣ ከረጢቶቹ ሰፍረውበታል። እኔ የተረፈውን ዕቃ በቅርጫት ይዤ በሩ ላይ ስደርስ ሰውዬው ጠራኝ።

«ያ ኡስታዝ! ሲምህን ረሳህ።»

የተቀቀለውን ጠርሙስ ዘረጋልኝ። ፕላስተሩ እንዳለ ነው፣ ጽሕፈቱም አልለቀቀም። ስለ ሲንና ሚም፣ ስለ ሁለቱ ቋንቋዎች፣ ማን ማንን እንደገደለ የምለው ነበረኝ። ተቀበልኩትና ቅርጫቱ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ወደ ቤቴ የሚወስደኝ የሶባው ሀፍላ እንደ ሁልጊዜው ታጭቆ ነበር። ቅርጫቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። አጠገቤ ሊቀመጥ የመጣ ሰው ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን አነበበና ቀና አለ። ከኋላው ያለውም አነበበ። እስከ ሶባ ድረስ እጀታ ይዘው ቆመው ሄዱ፤ በጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እግሬን ዘረጋሁ።