«ደህና ናት» ያሉኝ ሁሉ

ሥራዬ ስልክ መደወል ነው። የጭንቅላት ዕጢ ወጥቶባቸው ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎች በኋላ እንዴት እንደሆኑ ለሚያጠኑ ሐኪሞች፣ በየቤቱ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። ራሳቸውን ያማቸዋል? ይራመዳሉ? ሰው ይለያሉ? አብዛኛው ቤተሰብ «ደህና ናት፣ ተመስገን» ይለኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ እጽፋለሁ።

ከዚያ እናቴ ታመመች። ኤምአርአይ ተነሥታ ያው ዕጢ ተገኘባት። ሐኪሙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ትደረግ አለ፤ እሷ ደግሞ አቃቂ በሰቃ ካለው ቤታችን ንቅንቅ አልልም አለች።

«ጭንቅላቱ ተከፍቶ የዳነ ሰው በዓይኔ ካላሳየሽኝ ማንም አይነካኝም!»

እናቴ አንዴ ግግም ካለች አለቀ። ደግነቱ ሰው አላጣሁም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ፣ በዕድሜም በዕጢው ዓይነትም እሷን የሚመስሉ ሴት ነበሩ። ልጃቸው በደወልኩላት ቁጥር «ደህና ናት» ትለኛለች። እናቴ ልታያቸው እንደምትፈልግ ስነግራት «ግዴላችሁም፣ ቤት ኑ» አለችኝ።

እናቴ ብርቱካን ገዛች። ታክሲ ውስጥ «ፀጉራቸው መልሶ በቅሎ እንደሆን እጠይቃቸዋለሁ» እያለች ትስቃለች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

በሩን የከፈተችው ልጅቷ ነበረች። ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። ከኋላዋ የእናቷ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ሥሩ ጧፍ በርቷል። ክው አልኩ።

«መቼ?» አልኳት፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

«ክረምት ሲገባ።»

«ባለፈው ስደውል ደህና ናት ብለሽኝ የለም እንዴ!» ሐዘን ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ጮህኩባት።

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ‹እናታችን እንዴት ሰነበቱ› እያልሽ እንደ ዘመድ ነው የምትጠይቂያት። ዓረብ አገር ያለችው እህቴ እንኳ በስልክ አልተነገራትም፤ ጓደኞቿ ናቸው በማለዳ ሄደው ያረዷት። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ቤት ይምጡና አስቀምጬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው።»

እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው፤ ያደግነው እንደዚያ ነው። ግን የሰማሁት «ደህና ናት» እና «ደህና ነው» ሁሉ በአንዴ ጆሮዬ ላይ ተንጫጫ። ስንቱን ሙት ደህና ብዬ ጽፌ ይሆን? እኔ እኮ እናቴን ያመጣኋት እሱን አምኜ ነው!

እናቴ ግን ገብታ ተቀመጠች። ብርቱካኑን ከወንበሩ ሥር ገፋ አድርጋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ ልጅቷን ፊት ለፊት እያየች ጠየቀቻት።

«እናትሽ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንዴት ነበሩ? አሁን ስልክ የለም፤ እንዳትደብቂኝ።»

ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት። ራስ ምታቱ እንደተዋቸው፣ ለፋሲካ በእግራቸው ሄደው እንዳስቀደሱ፣ የልጅ ልጆቻቸውን በየስማቸው ይጠሩ እንደነበር፤ ከዚያ ዕጢው እንደተመለሰ። እናቴ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ስንመለስ ሰፈራችን ደርሰን ከታክሲ ስንወርድ «ይሁን፣ ለአንድ ፋሲካም ቢሆን ኦፕራሲዮን እገባለሁ» አለች። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

«አንድ አደራ አለኝ። ባልደረቦችሽ ስለ እኔ ሲደውሉልሽ፣ ሞቼ ከሆነ፣ ሞታለች በያቸው።»