ጋሽ ታፈሰ የካንትሪ ዘፋኞቹን «ተቀበሉ» ያሉ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ሚኒሶታ፣ ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ አንድ አዳራሽ ተቀምጬ፣ ባልና ሚስት ጊታር ይዘው ስለሞተ ውሻቸው ሲዘፍኑ እያዳመጥኩ ነበር... ወድጄ እንዳይመስላችሁ።

ሚስትየዋ ሊንዳ አለቃዬ ናት። ሮቢንስዴል በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስኬጁል የምታወጣው እሷ ናት። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ትጫወታለች፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ነኝ። ዘንድሮ አንድም ጨዋታዋን አላየሁላትም። ቅዳሜዬን ቀይሪልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ሪኩዌስት አደረግኩ፣ ሦስቴም «እናያለን» ተባልኩ።

እና ሊንዳ ከባሏ ከግሬግ ጋር እንደምትዘፍን ነግራን ስትጋብዘን፣ ሌላው ሰበብ ሲፈልግ እኔ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ለዚያች ቀን ብቻ ኦፍ ሰጠችኝ። የዚያን ቀንም ልጄ ጨዋታ ነበራት... አዎ፣ አውቃለሁ። አትፍረዱብኝ።

ጥፋቴ ጋሽ ታፈሰን ይዤ መሄዴ ነው። የባለቤቴ አጎት ናቸው፣ እኛው ጋ ነው የሚኖሩት። በወጣትነታቸው የአዝማሪ ቤት ሰው ነበሩ። ቤት ብቻቸውን ከሚውሉ ብዬ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሰባ የሚሆን ሰው አለ፣ አብዛኛው ጡረተኛ። እንዴት እንደሚያዳምጡ ልንገራችሁ። እጅ ጭን ላይ፣ ዓይን ፊት ለፊት፣ ትንፍሽ የለም። ዘፈኑ ሲያልቅ አራቴ ጨብ ጨብ፣ ከዚያ እንደገና ጸጥ። አጠገቤ ያለች ሴትዮ ወደ ባሏ ዞር ብላ «ዲፈረንት ነው» አለችው፣ ለየት ይላል ማለቷ ነው። እዚህ ላልኖራችሁ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

ጋሽ ታፈሰ ጠጋ ብለው ማን ሞቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ውሻቸው ነው አልኳቸው።

«ለቅሶ ከሆነ ለምን አያለቅሱም? ዘፈን ከሆነ ለምን አይመልሱም?» አሉኝ።

እውነት ለመናገር ሊንዳ ድምፅ አላት። ችግሩ ግሬግ ነው። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ እሷ ገና አፏን ስትከፍት ከላይዋ ላይ ይጮሃል። አራተኛው ዘፈን ላይ ስንደርስ የሊንዳ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ግን ሶፍት አውጥቼ ዓይኔን ጠረግኩ። ሊንዳ አየችኝ። ደግሜ ጠረግኩ።

ይሄኔ ነው ጋሽ ታፈሰ ብድግ ያሉት።

መቼም አዝማሪ ቤት ሰሚው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል። እሳቸው ዌስት ሴንት ፖልም እንደዚያ መሰላቸው። ኮታቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ወደ መድረኩ ዘረጉ፣ «ተቀበሉ!» አሉና በዜማ አወረዱት...

«ባለ ባርኔጣው ሆይ ድምፅህን ቀንሳት፣
አጠገብህ ያለች ሚስትህን አትርሳት።»

ሰባው ጡረተኛ በአንዴ ወደ እኛ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሊንዳ በማይክሮፎን፣ ሽማግሌው ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቅዳሜዬ ዓይኔ ላይ ተንሳፈፈች።

«ድምፃችሁ ማር ነው፣ እግዜር ትዳራችሁን ይባርክ ነው የሚሉት» አልኩ።

አዳራሹ በሙሉ «ኦው...» አለ። ሊንዳ ደረቷን ያዘች። ይህን ምርቃት ሳልማር አልሄድም ብላ ጋሽ ታፈሰን አስደገመቻቸው፣ ዜማውን በጊታር ለቀመችው፣ ቃሉንም እንደምንም ያዘችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ ዘፈነችለት። ሰባው ሰው ተከተላት። እነዚያ ሲሞቱም የማይጮሁ የሚመስሉ ሰዎች እግራቸውን መሬት ላይ እየመቱ «ሚስትህን አትርሳት» ሲሉ አስቡት። ከሁሉም በላይ ግሬግ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ፣ «ድምፅህን ቀንሳት» የሚለውን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ያቀልጠዋል።

ጋሽ ታፈሰ ደስታቸው ወሰን አጣ። አሁን ገና ዘፈን ሆነ አሉኝ።

ከኋላችን የሥራ ባልደረባዬ ጫልቱ ተቀምጣ ነበር። በሳቅ ወንበር ላይ ተደፍታ ስልኳን ወደ መድረኩ ደግናለች። ያኔ ነው ማለቄን ያወቅኩት።

ሰኞ ጠዋት ሊንዳ ቢሮዋ ጠርታኝ በሩን ዘጋች።

«ጫልቱ ትርጉሙን ነገረችኝ» አለች።

ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጇ አስቆመችኝ።

«ሃያ ዓመት ልነግረው ፈልጌ ያቃተኝን ነው እኮ ሽማግሌው የነገሩልኝ።»

ግሬግስ ትርጉሙን ሰማ ወይ ስላት፣ አልሰማም፣ ቤት ውስጥ ሲላጭም ይዘፍነዋል አለችኝ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ የቅዳሜ ሥራዬን በሙሉ አጠፋችልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ኦፍ ነህ!» አለችኝ። ጉልበቷ ላይ ልደፋ ምንም አልቀረኝም።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እንዘፍናለን» አለችኝ። «ሽማግሌውን ይዘህልኝ ትመጣለህ።»

የልጄ ጨዋታ በዚያው ሰዓት ነው። እሱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ... «ደስ ይለኛል» የሚል ወጣ። አያችሁ፣ ግሬግን ጯሂ ብዬ አማሁት እንጂ እኔ ድምፅ የሚባል ነገር ራሱ የለኝም።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። ታኬታዋን እያጸዳች ነበር፣ ቀናም አላለች።

«ኦኬ፣ ዳድ» አለችኝ። አለቀ።

ጋሽ ታፈሰ ሶፋው ላይ ሆነው ሰምተዋል። ለመጪው ቅዳሜ ግጥም እያወጡ ነበርና፣ አዲስ ይዣለሁ፣ ይቺንም ትተረጉምልኛለህ ብለው አወረዱት...

«አለቃውን ብሎ ሲያጨበጭብ ዋለ፣
ልጁ ጎል ስታስቆጥር አባቷ የት አለ?»

ይቺን እንኳ ዋሽቼም መተርጎም አልቻልኩም።