ሲዮካው የፈቀደችው አሸዋ

ሲዮካው የውኃ ጉድጓዷን የወረሰችው ከባሏ እናት ነው። በእኛ በካምባ አገር ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ውኃው የሚገኘው አሸዋው ሆድ ውስጥ ነው። እያንዳንዷ ሴት ወንዙ ላይ የራሷ ቦታ አላት፤ አሸዋውን በቅል ትጭራለች፣ ዙሪያውን በእሾህ ታጥራለች።

የናይሮቢ የጭነት መኪኖች አሸዋችንን ሲዘርፉ ጎማቸው ሥር ተኝታ ያስቆመቻቸው እሷ ናት። ኋላ ሕግ ወጣ፦ አሸዋ ከአውራጃው አይወጣም፤ ለመንደሩ ግንባታ ግን የመንደሩ ኮሚቴ ከፈቀደ ይዛቃል። ሲዮካው የኮሚቴው ሊቀመንበር ሆነች። አቤት ስትከለክል! አንድ ሙሽራ ለቤቱ መሠረት ቢለምናት፣ «በጭቃ ሥራው፤ ፍቅር ካለ አይፈርስም!» ብላ ሸኘችው።

አምና የውኃ ገንዳ ሊሠራልን ነው ተባለ። ከነቧንቧው! ሁላችንም እጅ አወጣን፤ እኔማ ሁለቱንም። አሸዋው ከየት ይዛቅ ሲባል፣ ቅርብ ስለሆነ ከጉድጓዶቻችን አጠገብ ይሁን አልን። ለራሳችን ነው፤ ሌባ የለበት፣ ማን ይጠብቀው? ሲዮካው ፈረመች። ትራክተሩ ሲመላለስ እልል አልን። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት እኛ ነን። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ የቀረውን አሸዋ ጠርጎት ሄደ፤ ከላይ ስስ ሽፋን ትቶልን ስለነበር ግን ማንም ልብ አላለም።

በበጋው መጀመሪያ እኛ ሴቶች አብረን ወደ ወንዙ ወረድን። ሲዮካው አጥሯን ከፍታ መጫር ጀመረች። ገና ክንዷ ሳይጠልቅ ቅሉ ድንጋይ ፋቀ። ወደ ጎን ጫረች፤ ድንጋይ። የእኔም ድንጋይ፣ የሁሉም ድንጋይ፤ ጠብታ ውኃ የለም። ሲዮካው ቅሉን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

በዚህ መሀል ንዳምቡኪ፣ ገንዳውን የሠራው ግንበኛ፣ እየሳቀ መጣ።

«እማማ ሲዮካው፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ገንዳው አለቀ። ውኃውን ወደ ገንዳው የሚስበውን ፓምፕ የቱ ጉድጓድ ላይ ልትከለው?»

ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁ ጠፋ።

«እኔ... በሕጉ ነው እኮ የሠራሁት። እርስዎ ራስዎ ፈርመዋል።»

«ፈርሜያለሁ» አለች። ድምፅዋ የእሷ አልመስል አለኝ። «ልጄ፣ ገንዳውን ብናፈርሰው አሸዋችን ይመለሳል?»

የቀለደች መስሎት ቀና ብሎ አያት።

«ሲሚንቶ የያዘውን ማን ያስለቅቀዋል፣ እማማ?» አለ ቀስ ብሎ።